ተራራ በሌለበት ከተማ የቁልቁለት ብስክሌት፦ በዳላስና ፎርት ዎርዝ ፍሬም እንዴት ይመረጣል?

በሰሜን ቴክሳስ ጎን ለጎን የተዘረጉት ዳላስና ፎርት ዎርዝ በተራራ የሚታወቁ ከተሞች አይደሉም። ዳላስ ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ 130 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከእንጦጦ አናት እስከ አዲስ አበባ መሀል ያለው የከፍታ ልዩነት እንኳ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ በአካባቢው የተራራ ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህም መካከል ከድንጋይ እርከን መዝለልንና ገደላማ ቁልቁለትን በፍጥነት መውረድን የሚመርጡ አሉ። ፍሪራይድና ዳውንሂል በሚባሉት በእነዚህ ሁለት የአነዳድ ዓይነቶች ላይ ለመሰማራት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ የትኛውን ፍሬም ልግዛ የሚል ነው።

ፍሬም ሌሎቹ ክፍሎች በሙሉ የሚታሰሩበት የብስክሌቱ አጽም ነው። ጎማ፣ ሰንሰለትና ፍሬን በየጊዜው ሊለወጡ ይችላሉ። የብስክሌቱን ጠባይ፣ የትኞቹ ክፍሎች እንደሚገጥሙለትና ምን ያህል ምት እንደሚችል የሚወስነው ግን ፍሬሙ ነው። ምርጫው ከተሳሳተ ጉዳቱ ሁለት ነው፤ ወይ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ብስክሌት ያለ ሥራ ይቆማል፣ ወይም ደግሞ ለማይችለው ዝላይ የዋለ ፍሬም በነጂው ሥር ይሰበራል።

ዳውንሂልና ፍሪራይድ ምንና ምን ናቸው?

ዳውንሂል ከሰዓት ጋር የሚደረግ ውድድር ነው። ተወዳዳሪዎች አንድ በአንድ ከተራራ አናት ይለቀቃሉ፤ በአጭር ጊዜ የደረሰው ያሸንፋል። መነሻው ብዙ ጊዜ የሚያያዘው በካሊፎርኒያ ማሪን ካውንቲ ከሚገኘው ሪፓክ የተባለ የአፈር መንገድ ጋር ነው። በዚያ ቁልቁለት ላይ በአውሮፓውያኑ 1976 አሮጌ ብስክሌቶችን ይዘው የተነሱ ወጣቶች መወዳደር ጀመሩ። በ1990 በኮሎራዶ ግዛት ዱራንጎ ከተማ የመጀመሪያው ይፋዊ የተራራ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ሲካሄድ ዳውንሂል አንዱ የውድድር ዘርፍ ነበር።

ፍሪራይድ በበኩሉ ሰዓት አይቆጥርም። ነጂው መንገዱን ራሱ መርጦ ከገደል፣ ከእንጨት ድልድይና ከተሠራ ጉብታ ላይ ይዘላል። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተራሮች ላይ ያደገው ይህ አነዳድ፣ በ2001 በዩታ በረሃ በተጀመረው ሬድ ቡል ራምፔጅ በተባለው ውድድር በዓለም ዙሪያ ታዋቂ ሆኗል። በዚህ ውድድር አሸናፊው የሚለየው በዳኞች ነጥብ ነው።

ልዩነቱ በፍሬም ላይም ይታያል። የዳውንሂል ፍሬም በከፍተኛ ፍጥነት ሳይናወጥ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ይሠራል። የፍሪራይድ ፍሬም ደግሞ በአየር ላይ በቀላሉ የሚዞር፣ ትንሽ አጠር ያለ፣ በመጠኑም ቢሆን ፔዳል እየመቱ ዳገት ሊወጡበት የሚቻል ሆኖ ይዘጋጃል።

መሬቱ ምን ይጠይቃል?

ፍሬም ከመምረጥ በፊት የሚነዳበትን መሬት ማወቅ ይቀድማል። በዳላስ ዙሪያ ያሉትን አብዛኞቹን የብስክሌት መንገዶች የሚሠሩትና የሚጠግኑት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከእነዚህ ዋነኛው በ1988 የተቋቋመው የዳላስ ከመንገድ ውጪ ብስክሌት ማኅበር ሲሆን፣ በምኅጻረ ቃል ዶርባ በመባል ይታወቃል። በፎርት ዎርዝ በኩል ደግሞ የከተማዋ የተራራ ብስክሌተኞች ማኅበር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

በደቡብ ምዕራብ ዳላስ ቦልደር ፓርክ፣ በጆ ፑል ሐይቅ ዳርቻ የሴዳር ሂል ግዛት ፓርክ፣ በግሬፕቫይን ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ኖርዝሾር፣ በፎርት ዎርዝ ደግሞ በሌክ ዎርዝ አጠገብ ያለው ማሪዮን ሳንሶም ፓርክ በብስክሌተኞች ዘንድ ይታወቃሉ። ከእነዚህ መካከል ሳንሶም ፓርክ በኖራ ድንጋይ እርከኖቹና በአስቸጋሪ ቁልቁለቶቹ ምክንያት ለፍሪራይድ የቀረበ ስፍራ ተደርጎ ይታያል።

ሁሉም የሚጋሯቸው ጠባዮች አሉ። ቁልቁለቶቹ አጫጭር ናቸው፤ ድንጋዩ ስለታም ነው፤ ወደ ላይ የሚያደርስ የገመድ ወንበርም የለም። የወረደ ሁሉ በራሱ እግር ፔዳል እየመታ ተመልሶ መውጣት አለበት።

አፈሩም የራሱ ሚና አለው። ከዳላስ በታች ያለው ጥቁር ሸክላ አፈር በኢትዮጵያ ዋልካ ወይም መረሬ ከሚባለው ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከዝናብ በኋላ ጎማ ላይ እየተጠቀለለ በጎማውና በፍሬሙ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል። በዚህ ምክንያት ማኅበራቱ መንገዶቹን በእርጥበት ወቅት ይዘጋሉ። ገዢም የኋላው ጎማ በፍሬሙ ክንዶች መካከል በቂ ቦታ እንዳለው ማየት ይኖርበታል።

ስንት ሚሊ ሜትር ይበቃል?

የተራራ ብስክሌቶች በመጀመሪያ የሚለዩት ትራቭል በሚባለው መጠን ነው። ትራቭል ማለት ጎማው ድንጋይ ሲመታ ወይም ከዝላይ ሲያርፍ በሾክ አብዞርበሩ አማካይነት ወደ ላይ ሊንቀሳቀስ የሚችልበት ርቀት ነው።

ለረጅም ርቀት ፈጣን ጉዞ የሚሠሩ ብስክሌቶች ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሜትር ይኖራቸዋል። ለሁሉም ዓይነት መንገድ የሚሆኑት ከ120 እስከ 150፣ ኢንዱሮ የሚባሉት ከ150 እስከ 180 ድረስ ይደርሳሉ። የዳውንሂል ብስክሌት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ አለው። እንደ ትሬክ ሴሽን፣ ስፔሻላይዝድ ዴሞና ሳንታ ክሩዝ ቪ10 ያሉት ከዚህ ጎራ የሚመደቡ ናቸው። የፍሪራይድ ፍሬሞች አብዛኛውን ጊዜ ከ170 እስከ 190 ባለው ውስጥ ይገኛሉ።

ብዙ ትራቭል ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ፔዳል ሲመታ ከጉልበቱ የተወሰነው በሾኩ መስመጥ ይባክናል። ክብደቱም ይጨምራል፤ ሙሉ የዳውንሂል ብስክሌት ከ15 እስከ 18 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። በተጨማሪም የዳውንሂል ፍሬም መቀመጫው ዝቅ ብሎ እንዲቀር ታስቦ ስለሚሠራ፣ ዳገት ለመውጣት በሚመች ከፍታ ላይ አይደርስም። ማርሾቹም ጥቂትና ለፈጣን ቁልቁለት የተመጠኑ ናቸው።

በዳላስና ፎርት ዎርዝ መንገዶች ላይ ይህ ሁሉ በነጂው ላይ ሸክም ይሆናል። ለአካባቢው ብዙ ጊዜ የሚስማማው ከ150 እስከ 170 ሚሊ ሜትር ትራቭል ያለው፣ መቀመጫው በእጅ ትእዛዝ ከፍና ዝቅ የሚል፣ ነገር ግን ለዝላይ ጠንክሮ የተሠራ ፍሬም ነው። በሳንሶም ፓርክ እርከኖች ላይ ይበቃል፤ ወደ ሌላ ግዛት ተራሮች ሲኬድም አያሳፍርም።

ማዕዘንና ርዝመት

ሁለተኛው መለኪያ የፍሬሙ ቅርጽ ነው። ከሁሉ በላይ የሚታየው መሪው የሚገባበት የፊት አንገት ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው። በዳውንሂል ፍሬሞች ላይ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ይሆናል። ለሁሉም መንገድ በሚሠሩት ላይ ከ65 እስከ 67 ይደርሳል።

ቁጥሩ ባነሰ መጠን የፊተኛው ጎማ ከነጂው ራቅ ብሎ ወደ ፊት ይቀመጣል። ይህም በገደላማ ቁልቁለት ላይ ነጂው በመሪው ላይ ተወርውሮ እንዳይወድቅ ይረዳል፣ በፍጥነትም ብስክሌቱን ያረጋጋል። በአንጻሩ በዝግታ በሚታጠፉ ጠባብ መንገዶች ላይ ብስክሌቱ እንደ ረጅም መኪና ይከብዳል። የዳላስ አካባቢ መንገዶች በዛፎች መካከል የሚጠማዘዙ ስለሆኑ፣ 64 ወይም 65 ዲግሪ አካባቢ ያለው ፍሬም ሚዛናዊ ምርጫ ነው።

የፍሬም መጠን ሲመረጥ የነጂው ቁመት ብቻውን በቂ አይደለም። አሁን አምራቾች ሪች የሚባለውን መጠን ያሰፍራሉ። ይህም ከፔዳሉ ማዕከል ቀጥ ብሎ ከሚወጣ መስመር እስከ መሪው አንገት ጫፍ ድረስ በአግድም ያለው ርቀት ነው። ነጂው በፔዳል ላይ ቆሞ ሲወርድ ምን ያህል ቦታ እንደሚኖረው የሚናገረው ይህ ቁጥር ነው። ለዝላይና ለትርኢት የሚያዘነብል ሰው አጠር ያለውን፣ ለፍጥነት የሚያዘነብል ደግሞ ረዘም ያለውን ይመርጣል።

አሉሚኒየም ወይስ ካርቦን?

የዚህ ዘርፍ ፍሬሞች በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ወይም ከካርቦን ፋይበር ይሠራሉ። ካርቦን ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። አሉሚኒየም ክብደት ቢጨምርም በአነስተኛ ዋጋ ይገኛል።

ጉዳት የሚታይበት መንገድም ይለያያል። አሉሚኒየም በተደጋጋሚ ጫና ይደክማል፤ ድካሙ ብዙ ጊዜ ከብየዳው አጠገብ በቀጭን ስንጥቅ ይጀምራል። ካርቦን በድካም በኩል የተሻለ ቢሆንም፣ ስለታም ድንጋይ ሲመታው ከውጭ ትንሽ ጭረት ብቻ አሳይቶ በውስጡ ያሉት ንብርብሮች ሊላቀቁ ይችላሉ። በሙያተኛ ሊጠገን ይችላል፤ ጉዳቱን ማወቅ ግን የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል።

የሰሜን ቴክሳስ ኖራ ድንጋይ ብዙ ጊዜ የሚመታው የፍሬሙን የታችኛውን ቱቦ ነው። ስለዚህ በየትኛውም ቁስ የተሠራ ቢሆን በዚያ ስፍራ የጎማ ወይም የፕላስቲክ መከላከያ ያለው ፍሬም ይመረጣል። በጀቱ ለተወሰነና ደጋግሞ ለሚወድቅ ጀማሪ አሉሚኒየም አስተማማኝ ምርጫ ነው።

ፍሬሙ ለምን ዓይነት ምት ተሠርቷል?

ብዙ ገዢዎች ትራቭሉን አይተው ጥንካሬውን የለኩ ይመስላቸዋል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። ኤኤስቲኤም የተባለው የአሜሪካ የመመዘኛ ተቋም ብስክሌቶችን እንደሚውሉበት ሁኔታ በደረጃ ይከፍላል።

ደረጃ 1 ለአስፋልት ብቻ ነው። ደረጃ 3 አስቸጋሪ መንገዶችንና እስከ 61 ሴንቲ ሜትር የሚደርሱ እርከኖችን ይመለከታል። ደረጃ 4 እስከ 122 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ደረጃ 5 ለከባድ ዝላይ፣ ለዳውንሂልና ለፍሪራይድ የሚሆነው ነው። በርካታ አምራቾች ይህን ቁጥር በፍሬሙ ላይ ወይም በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያትሙታል።

ከሰው ቁመት በሚበልጥ እርከን ላይ ለመዝለል የሚያስብ ሰው፣ ደረጃ 3 የተጻፈበትን ፍሬም በዋጋው ርካሽነት ተስቦ መግዛቱ ለአደጋ መጋለጥ ነው። አምራቹ ለነጂው የሚፈቅደው የክብደት ጣሪያ ካለም አብሮ መታየት አለበት።

ሹካና የኋላ ሾክ

የፊት ሹካ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከጎማው በላይ በአንድ ድልድይ ብቻ የተያያዘ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንደ ሞተር ብስክሌት ከመሪው አንገት በላይም በታችም የተያዘ ነው። ለዳውንሂል የሚሠሩት እንደ ፎክስ 40 እና ሮክሾክስ ቦክሰር ያሉት ከሁለተኛው ዓይነት ናቸው።

ማንኛውም ፍሬም ማንኛውንም ሹካ አይችልም። ረዘም ያለ ሹካ የመሪውን አንገት እንደ ዘንግ ይመነቅረዋል። አምራቹ ካስቀመጠው ጣሪያ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ማለፍ የመሪውን ማዕዘን በአንድ ዲግሪ ገደማ ይለውጠዋል፣ በፍሬሙ ላይ ያለውን ጫናም ይጨምራል። ባለ ሁለት ድልድይ ሹካ ለመግጠም የአምራቹ ግልጽ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ዋስትናው ሊሰረዝ ይችላል።

የኋላው ሾክ በአየር ወይም በብረት ጥምዝ ሞላ ይሠራል። አየር ቀላል ነው፤ በፓምፕም ለነጂው ክብደት ይስተካከላል። ሞላ ይከብዳል፤ ነገር ግን በረጅም ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ ጠባዩ እምብዛም አይለወጥም፣ ትናንሽ ምቶችንም በለሰለሰ መንገድ ይቀበላል። ለአጫጭሮቹ የዳላስ ቁልቁለቶች አየር ይበቃል።

የሾኩን ጫና ለማወቅ ቀላል ስሌት አለ። የኋላው ጎማ ትራቭል ሾኩ ራሱ በሚጨመቅበት ርዝመት ይካፈላል። ለምሳሌ 200 ሚሊ ሜትር ትራቭል ያለው ፍሬም 75 ሚሊ ሜትር የሚጨመቅ ሾክ ካለው ውጤቱ 2.7 ገደማ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሾኩ የበለጠ ጫና ይሸከማል፤ ከባድ ነጂም የበለጠ ጠንካራ ሞላ ወይም ከፍ ያለ የአየር ግፊት ያስፈልገዋል። ለቁልቁለት አነዳድ፣ ነጂው ሲቆምበት የኋላው ትራቭል 30 በመቶ ያህል እንዲሰምጥ ማስተካከል የተለመደ መነሻ ነው።

ያገለገለ ፍሬም ሲገዛ

አዲስ ፍሬም ውድ በመሆኑ ብዙዎች ያገለገለ ይፈልጋሉ። የዳውንሂል ፍሬም ግን ሥራው መመታት ስለሆነ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ተለጣፊ ምስሎችና አዲስ ቀለም ስንጥቅ ሊሸፍኑ ይችላሉ።

ከመክፈል በፊት ፍሬሙን ማጠብና በጥሩ ብርሃን መመልከት ይገባል። በተለይ የመሪው አንገት ዙሪያ፣ የፔዳሉ ማዕከል፣ የኋላው ሾክ የሚታሰርባቸው ቦታዎችና ብየዳዎች በሙሉ ይፈተሻሉ። ሾኩን አውልቆ የኋላውን ክንድ በእጅ ማንቀሳቀስ ደግሞ ኩሽኔቶቹን ይፈትናል፤ ክንዱ ያለ ጭረት ስሜት መንቀሳቀስ አለበት፣ ወደ ጎን ግን መነቃነቅ የለበትም።

የክፍሎች ልኬት ሌላው ወጥመድ ነው። የኋላ ጎማ ማዕከል ስፋት በአብዛኞቹ አዳዲስ የተራራ ብስክሌቶች 148፣ በዳውንሂል ብስክሌቶች ላይ ብዙ ጊዜ 157 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌ ፍሬሞች 135 ወይም 150 ሊሆኑ ይችላሉ። ቀድሞ የተለመደው ባለ 26 ኢንች ጎማ ዛሬ በአብዛኛው በ27.5 እና በ29 ተተክቷል፤ ከፊት ትልቁን፣ ከኋላ ትንሹን ጎማ የሚያጣምሩ ፍሬሞችም አሉ። በርካሽ የተገዛ አሮጌ ፍሬም የሚገጥመው ጎማ፣ ሹካና ኩሽኔት ካልተገኘ ርካሽነቱ ያበቃል።

የአምራች ዋስትና ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ መሆኑም መታወስ አለበት። ስለዚህ ከግለሰብ የሚገዛ ሰው ፍሬሙ ቢሰነጠቅ ኪሳራው የራሱ ነው።

መግዛት ወይስ መከራየት?

ለዳላስና ፎርት ዎርዝ ነዋሪ እውነተኛ ረጃጅም ቁልቁለቶች ያሉት ከከተማው ውጪ ነው። በአርካንሶ ግዛት የምትገኘው ቤንተንቪል በመኪና ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ትርቃለች። የዎልማርት መሥራች ቤተሰብ ባደረገው ድጋፍ በርካታ የብስክሌት መንገዶች ተሠርተውባታል፤ ከእነዚህም መካከል ኮለር የተባለው ስፍራ የዝላይ መንገዶች አሉት።

በኒው ሜክሲኮ የሚገኘው ኤንጅል ፋየር ደግሞ የአንድ ሙሉ ቀን ጉዞ ይጠይቃል። በዚያ የገመድ ወንበር ብስክሌተኞችን ከነብስክሌታቸው ወደ ተራራው አናት ያደርሳል። ከአናቱ እስከ ግርጌው ያለው የከፍታ ልዩነት 630 ሜትር ገደማ ነው። የ200 ሚሊ ሜትር ፍሬም ትርጉም የሚኖረው በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው።

እንዲህ ባሉ የብስክሌት ፓርኮች የዳውንሂል ብስክሌት ከሙሉ ፊት መከላከያ ቆብና ከጉልበት መከላከያ ጋር መከራየት የተለመደ ነው። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ወደ ተራራ ለሚሄድ ሰው ኪራይ ያዋጣል። በቀረው ጊዜ በአካባቢው መንገድ ላይ የሚያገለግለውን መካከለኛ ፍሬም ይነዳል። በየወሩ ወደ ተራራ የሚጓዝ ወይም ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው ግን ለብቻው የዳውንሂል ፍሬም ቢገዛ ምክንያት አለው።

ስለዚህ ገዢ ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ባለፈው ዓመት የት የት ነዳ? ወደ ላይ የወጣው በእግሩ ነው ወይስ በገመድ ወንበር? ከምን ያህል ከፍታ ይዘላል? ከፍሬሙ ዋጋ በኋላ ለቆብ፣ ለመከላከያና ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አለው? መልሶቹ በሐቀኝነት ከተሰጡ፣ አብዛኛው የዳላስና የፎርት ዎርዝ ብስክሌተኛ ከተመኘው ይልቅ አነስ ያለ ትራቭል፣ ከገመተው ይልቅ ግን ከፍ ያለ የጥንካሬ ደረጃ ያለው ፍሬም እንደሚያስፈልገው ይረዳል።